ባለቤቱ ለጥምቀት፣ ውሃው ለውርጭ

14 ቁጥር ትራም አቫንሼ ፌርማታ ላይ ሲያወርደኝ ቢዝ ተቀበለኝ። ቢዝ የጄኔቫ ሰው በስሙ የሚጠራው ነፋስ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ይነሣና በአልፕስና በጁራ ተራሮች መካከል እየጠበበና እየፈጠነ መጥቶ የሌማን ሐይቅ ጫፍ ላይ ከተማዋን ያገኛታል። ኮትም ሻርፕም ብዙ አያስጥሉም። አንገቴን ቀብሬ ከባሌክሰር የገበያ ማዕከል ማዶ ወዳሉት ሕንጻዎች ተሻገርኩ።

ለዛቫንሼ በቬርኒዬ ኮሙን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተገነባ ሰፈር ነው። ግድግዳዎቹ በደማቅ ቀለም ያጌጡ ናቸው፤ ከብዙ አገር የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። ከቤቶቹ በአንዱ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀኝ ነበር።

ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁኝ፣ እኔም ጋሼ እያልኩ የማልፋቸው ባለቤት እጃቸውን ራዲያተሩ ላይ አሳረፉ። «ሃያ ዓመት እዚህ ስኖር ይህ ሙቀት ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር» አሉኝ። «ቁልፉን አዞራለሁ፣ ይሞቃል። የተማርኩት የገዛ ቦይለሬን ውርጭ የመታው ዕለት ነው።»

ነገሩ የሆነው ጁራ ላይ ነው። ከኒዮን ከተማ የሚነሣው ትንሽ ባቡር እየተጠማዘዘ የሚወጣባት ሴን ሰርግ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በላይ ትገኛለች። ጋሼና ሁለት ወዳጆቻቸው ከዚያች መንደር ወጣ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ ቤት በጋራ ገዙ። ቤቱ የሚሞቀው ግቢው ዳር ባለች ጎጆ ውስጥ በተተከለ የእንጨት ቦይለር ነው። ፍልጡ ይነድዳል፤ እሳቱ በዙሪያው ያለውን ውሃ ያሞቃል፤ ፓምፑ የሞቀውን ውሃ ከመሬት ሥር በተቀበረ ቱቦ ገፍቶ ቤት ያደርሰዋል። ራዲያተሮቹን ዞሮ የቀዘቀዘው ውሃ ደግሞ በሌላ ቱቦ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ጭሱም አመዱም የእሳት ስጋቱም ከቤት ውጭ ይቀራል። ዘዴው መልካም ነው፤ አንድ ነገር ግን ያስከፍላል፦ ውሃው ብርድ ላይ ያድራል።

ጋሼ ገናን ከእናታቸው ጋር፣ ጥምቀትን ጎንደር ፋሲለደስ መጠመቂያ ለማክበር ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ገቡ። ከመሄዳቸው በፊት እሳቱ ጠፋ፣ አመዱ ተጠረገ፣ መብራቱ ከቆጣሪው ተዘጋ፣ በሩ ተቆለፈ። ጠንቃቃ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረጉ። ከሁሉም የጎዳቸው ግን እሳቱን አጥፍተው መብራቱንም መዝጋታቸው ነበር። ፓምፑ ቆመ፤ ፓምፑ ሲቆም ውሃው ባለበት ቀረ።

በጃንዋሪ መጨረሻ ሲመለሱ ቤቱ እንደ ዋሻ ቀዝቅዟል። ጋሼ ወደ ጎጆዋ ሄደው ጭራሮ ደረደሩ፣ ፍልጥ ከመሩ። ክብሪት ሊጭሩ ሲሉ ጎረቤታቸው፣ ዕድሜውን በደን ሥራ የጨረሰ ሽማግሌ፣ አጥር ጥግ ሆኖ ጮኸ፦ «አታንድዱ!»

## ያ ጩኸት ያዳናቸው ከምን ነበር?

ቱቦው በበረዶ ከተደፈነ በቦይለሩ ውስጥ የሚሞቀው ውሃ መሄጃ የለውም። ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል፣ ግፊቱ ይጨምራል። የግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭም በበረዶ ተይዞ ከሆነ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ቀዝቅዞ የቆየ ቦይለር ውስጥ እሳት ከመለኮሱ በፊት ውሃው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚንቀሳቀስ መረጋገጥ አለበት።

ጋሼ ሰሙ። ጎጆዋን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀስ እያሉ ለሁለት ቀን አሞቁ። በሦስተኛው ቀን በረዶው ሟሟ፤ ጉዳቱም ያን ጊዜ ታየ። የፓምፑ አካል ተሰንጥቋል፤ ቱቦው ከመሬት ወጥቶ ወደ ግድግዳው በሚታጠፍበት ክርን ላይ ጣት የምታህል ስንጥቅ ተከፍታለች። እስኪቀልጥ ድረስ በረዶው ራሱ ስንጥቁን ደፍኖት ነበር።

የእኛ ቋንቋ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠርም፣ እዚህ አገር ጣሪያ ላይ የሚከመረውን ነጭ ብናኝም፣ ውሃ ረግቶ የሚሆነውን ድንጋይም በአንድ ቃል «በረዶ» ይላቸዋል። ቅዝቃዜ ለሚያደርሰው ጉዳት ግን ቃል አላነሰንም። የመንዝ ወይም የሰሜን ተራራ ገበሬ ባቄላው ላይ ሌሊት የሚወርደውን አመዳይና ውርጭ ያውቃል። ጠዋት ቅጠሉ በእሳት የተለበለበ ይመስላል። በቱቦ ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በቅጠሉም በብረቱም ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ የያዘውን ይጎዳል።

አብዛኛው ፈሳሽ ሲጠጥር ይኮማተራል። ውሃ ግን ይሰፋል። በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 ከመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህን መስፋት የሚችል የመዳብም የብረትም ቱቦ የለም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ፦ ቱቦው የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በረዶው ባለበት ቦታ አይደለም። የበረዶው ውታፍ እያደገ ሲሄድ በእርሱና በተዘጋ ቧንቧ መካከል የቀረውን፣ ገና ያልረጋውን ውሃ ይገፋዋል። ያ ውሃ መሸሻ ሲያጣ ደካማውን መገጣጠሚያ ይሰነጥቃል።

እስቲ እናስላ። 1,000 ሊትር ውሃ የያዘ ቦይለር 60 ዲግሪ ላይ ሳለ እሳቱ ቢጠፋና በየሰዓቱ 1 ኪሎዋት-ሰዓት ሙቀት ቢያመልጠው፣ ወደ 0 ዲግሪ ለመውረድ 70 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሙሉ በሙሉ በረዶ ለመሆን ከዚያ በኋላ ወደ 93 ሰዓት ያስፈልገዋል። ትልቁ ጋን እንግዲህ ለአንድ ሳምንት ያህል ይታገላል። በአንጻሩ 1 ሜትር ርዝመት ያለው የ22 ሚሊሜትር የመዳብ ቱቦ የሚይዘው ውሃ ከሲሶ ሊትር ያንሳል። 0 ዲግሪ የደረሰው ያ ውሃ በረዶ እንዲሆን መውጣት ያለበት ሙቀት 30 ዋት አምፖል በአንድ ሰዓት ከሚፈጀው ኃይል አይበልጥም። በቢዝ ፊት የተጋለጠ ቱቦ ይህን በአንድ ሌሊት ያጣዋል። ስለዚህ ዓይናችን ከትልቁ ጋን ተነሥቶ ወደ ቀጭኑ ቱቦ፣ ወደ ክርኑና ወደ ፓምፑ መዞር አለበት።

## «ጥር ላይ የት ነዎት?»

ከጄኔቫ ዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት አይሞላም። ጄኔቫ ያለው ሐበሻ «ሾፋዥ» የሚለውን፣ ዙሪክ ያለው «ሃይትሱንግ» ይለዋል። እዚያ ያገኘኋት ወጣት ኢትዮጵያዊት ሙያዋ ማሞቂያ መትከልና መጠገን ነው። ጣቶቿ ላይ የመዳብ ብየዳ ጠባሳ አለ።

«ደንበኛ የእንጨት ቦይለር ልትከል ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ዋጋ አይደለም» አለችኝ። «ጥር ላይ የት ነዎት? እላለሁ። ቤት ከሆነ አንድ መልስ አለኝ፤ አገር ቤት ከሆነ ሌላ።»

ጥያቄዋ ትክክል ነው። ገና ጃንዋሪ 7 ላይ፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ወይም 20 ላይ ይውላሉ፤ በስዊዘርላንድ ጃንዋሪ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ቀዝቃዛው ነው። የእኛ ሰው ሻንጣውን የሚያስረው ቤቱ ጠባቂ በሚፈልግበት ሰሞን ነው። ከእርሷ የሰማኋቸው መከላከያዎች አራት ናቸው፤ ከአራቱ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ባለቤቱ የሚቆይበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው እሳት ነው። በየቀኑ ፍልጥ የሚጨምር ሰው ካለ ውሃው አይቀዘቅዝም። እናቶቻችን ፍሙን በአመድ አዳፍነው እስከ ንጋት ያቆዩት ነበር። ቦይለር ግን ለሳምንታት ሊዳፈን አይችልም። አየር ያነሰው እሳት ይጨሳል፤ ጭሱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ጥቀርሻና ዝፍት ይጋግራል፤ ዝፍቱ አንድ ቀን በራሱ ሊነድድ ይችላል። ጎረቤትንም ያፍናል፤ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የስዊዘርላንድ የአየር ንጽሕና ድንጋጌም ይህን ዝም ብሎ አያልፈውም። ማገዶው ተፈጥሯዊና በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። ተፈልጦ ሁለት ዓመት ያህል ዝናብ ሳይነካው ነፋስ ያገኘው እንጨት ይመረጣል። ቀለም የተቀባ ሳንቃና ቆሻሻ ማንደድ ክልክል ነው።

ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። ፓምፑ ከሠራ ውሃው ከቦይለሩ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቦይለሩ ይመላለሳል። ቤቱ ሌላ የሙቀት ምንጭ ካለው፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ቢሆን፣ ያ ሙቀት በተመላሹ ውሃ ተጉዞ ጎጆዋን ይጠብቃል፤ ሌላ ጊዜ ከጎጆው ወደ ቤት ይሄድ የነበረው ሙቀት ከቤት ወደ ጎጆ ይሄዳል ማለት ነው። እንቅስቃሴ ብቻውን ግን ሙቀት አይፈጥርም። ምንም የሚያሞቀው ነገር ከሌለ የሚዞረው ውሃም ውሎ አድሮ ይረጋል። ለዚህ በቦይለሩ ውስጥ የሚጠለቅ፣ ውሃው ወደ 5 ወይም 10 ዲግሪ ሲወርድ በራሱ የሚነሣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጨመራል። የሁለቱም ድክመት መብራት ነው። ሲጠፋ ሁለቱም ይቆማሉና ፓምፑን የሚይዝ ባትሪ፣ ካልሆነም ስልክ ተደውሎለት የሚደርስ ጎረቤት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው አንቲፍሪዝ ነው። የመኪና ሰው ያውቀዋል። ለቤት ማሞቂያ ግን በመኪና አንቲፍሪዝ ውስጥ የተለመደው ኤቲሊን ግላይኮል አይመረጥም፤ መርዝ ነው፣ ጣፋጭ ስለሆነም ሕፃንና ውሻን ያታልላል። የሚመረጠው መርዛማነቱ እጅግ ያነሰው ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። 30 ከመቶ ሲሆን እስከ 13 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ 40 ከመቶ ሲሆን እስከ 21 ገደማ፣ 50 ከመቶ ሲሆን እስከ 33 ገደማ ይጠብቃል። «ብዙ ሲሆን ግን ብዙ አይጠቅምም» አለችኝ ባለሙያዋ። ፈሳሹ ይወፍራል፣ ፓምፑ ይደክማል፣ የሚሸከመው ሙቀትም ይቀንሳል። በጣም ሲያንስ ደግሞ ዝገት የሚከላከለው ቅመም ይቀጥንና ብረቱ ይበላል። በየዓመቱ በመነጽር መለኪያ ካልታየ ማርጀቱ አይታወቅም። ለዚህ ጥሩው መላ ውጪውን ዙር ብቻ በአንቲፍሪዝ ሞልቶ፣ በሙቀት መለዋወጫ ከቤቱ ንጹሕ ውሃ መለየት ነው። ሲቀየርም ወደ ፍሳሽ አይደፋም፤ ወደ መሰብሰቢያ ይወሰዳል።

አራተኛው ባዶ ማድረግ ነው። ሦስት ሳምንት ለሚሄድ፣ ቤቱም ሌላ ማሞቂያ ለሌለው ሰው ይህ እርግጠኛው መንገድ ነው፤ በቱቦ ውስጥ የሌለ ውሃ አይረጋም። እውነተኛ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም እርሱ ነው። ቱቦዎቹ ሁሉ ወደ መክፈቻው እንዲያዘቀዝቁ ሆነው ካልተቀበሩ ውሃ በየጉድጓዱ ይቀራል። የፓምፑ ሆድ ይከፈታል። የቀረው ውሃ በኮምፕሬሰር ይነፋል። የኳስ ቫልቮች ግማሽ ድረስ ተከፍተው ይተዋሉ፤ ምክንያቱም ሙሉ በሙሉ የተከፈተም የተዘጋም ቫልቭ በኳሱ ዙሪያ ውሃ አቁሮ ይይዛል። ቦይለሩ ከመጠን በላይ እንዳይግል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያሳልፈው የአደጋ ቱቦም አይረሳም፤ ያም ውሃ ነው።

«ውሃ የሚረጋው ሰው በረሳው ቦታ ነው» አለችኝ። ከሙያዋ ሁሉ የያዝኩላት ይህን ነው።

የቱቦው መቀበሪያ ከአራቱም በፊት የሚታሰብ ነው። በስዊዘርላንድ ሜዳማ አካባቢ ቅዝቃዜ ወደ መሬት የሚዘልቅበት ጥልቀት በግንባታ ሥራ ብዙ ጊዜ 80 ሳንቲሜትር ተደርጎ ይታሰባል፤ ወደ ተራራው ሲወጡ ይጨምራል። ከዚያ በታች የተቀበረና ሽፋን ያለው ቱቦ ደህና ነው። አደጋው ቱቦው ከመሬት ብቅ የሚልበት ያ አንድ ክንድ ነው። የጋሼ ቱቦ የተሰነጠቀውም እዚያው ነበር።

## ውሃን የማያቆሙ ከተሞች

ከዙሪክ ወደ ሰሜን ባለው ዳርቻ አውብሩግ የሚባል የእንጨት ኃይል ማመንጫ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከአካባቢው ደኖች የሚመጣ የእንጨት ስንጣሪ እያነደደ ኤሌክትሪክም ሙቀትም ያመርታል። ሙቀቱ ከሀገንሆልትስ የቆሻሻ ማቃጠያ ሙቀት ጋር ሆኖ በተቀበሩ ቱቦዎች ወደ ከተማው ቤቶች ይገባል። በጄኔቫ በኩልም የሼንቪዬ የቆሻሻ ማቃጠያ ሙቀት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እንደ ኦኔና ላንሲ ያሉ ሰፈሮችን ያሞቃል። ዓላማው የጋሼ ጎጆ ከምትሠራው የተለየ አይደለም፦ በአንድ ቦታ ማንደድ፣ በውሃ አሸክሞ በሌላ ቦታ ማሞቅ። ልዩነቱ ጥበቃው ላይ ነው። ከተማው ፓምፑን ለበዓል ብሎ አይዘጋም፤ አንድ ማቃጠያ ቢቆም ሌላው ይተካል፤ ሌሊትም ቀንም የሚቆጣጠር ሰው አለ።

በውሃና በቱቦ ነገር ዙሪክና አዲስ አበባ የቆየ ትውውቅ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1854 ፍራውንፌልድ የተወለደው አልፍሬድ ኢልግ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ምሕንድስና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ገባ፤ የዳግማዊ ምኒልክም አማካሪ ሆነ። ከእንጦጦ ምንጭ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቱቦ ያስወረደው እርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ያረፈው ዙሪክ ውስጥ ነው።  አዲስ አበባ ላይ ቱቦ ቀባሪው ስለ ውርጭ ብዙ መጨነቅ አላስፈለገውም፤ የእኛ ደጋ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ቀን ፀሐይ ይመልሰዋል። እዚህ ግን ብርዱ ቀንም አይመለስም። የአገራችን ልማድ ለዚህ አገር ክረምት የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አገር ብርዱን ቀልድ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1963 የዙሪክ ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር ረግቶ ሕዝብ ሄደበት። ጃንዋሪ 12 ቀን 1987 በጁራ ላ ብሬቪን 41.8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ተለካ፤ በአገሪቱ በይፋ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛው ነው። በጃንዋሪ 2005 ቢዝ የሐይቁን ሞገድ እያነሣ ጄኔቫ አጠገብ ቬርስዋ ዳር የቆሙ መኪኖችን በወፍራም በረዶ ሸፈናቸው። ብዙ ክረምቶች ለስላሳ ሆነው ያልፋሉ፤ ቱቦው ግን መዘጋጀት ያለበት ለዚያ ለአንዱ ነው።

## ፎቅ ላይ ላለውም

«እኔ ቦይለር የለኝም፣ ለዛቫንሼ ነው የምኖረው» የሚል አንባቢ ይኖራል። ሲሄዱ ራዲያተሩን ጨርሰው አይዝጉት። ቁልፉ ላይ የበረዶ ምልክት ካለ፣ እርሱ ቤቱን ከመርጋት ለማዳን የተበጀ ነው። ዘንበል ብሎ የተከፈተ መስኮት ይዝጉ፤ ከራዲያተሩ በላይ ገብቶ የሚያድር ቢዝ በራዲያተሩ ያለውን ውሃ ሊያረጋው ይችላል።

የረጋ ቱቦ ቢያጋጥም ቧንቧው ይከፈት፤ ከክፍቱ ቧንቧ ጀምሮ ወደ ኋላ በሙቅ ጨርቅ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ተብሎ ይሞቅ። በእሳት ነበልባል አይሞከር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ማሞቂያው ቆመ ተብሎ የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አይግባ። አገር ቤት በሩ ክፍት፣ ጣሪያው የሚተነፍስ ነበር፤ እዚህ መስኮቱ ድርብ፣ ቤቱ የታሸገ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛውን ሳያነቃ ይገድላል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ ወዲያው ውጭ መውጣት፣ ከዚያ 144 መደወል ነው።

ጋሼ ቡናውን ጨርሰው ራዲያተሩን እንደገና ዳሰሱት። ጁራ ላይ ያለው ቤት ዛሬ ውጪው ዙር አንቲፍሪዝ አለው፤ ክርኑ በወፍራም ሽፋን ተጠቅልሏል፤ የጎጆዋ ቁልፍ አንዱ ቅጂ «አታንድዱ» ባለው ሽማግሌ ኪስ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ለገና ትኬት የሚቆርጡ ወገኖች፣ ትኬቱን በቆረጡበት ሳምንት ማሞቂያ ሠሪውን ይጥሩ፤ ኖቬምበር ሳይገባ። ውሃው ይሙቅ፣ ይንቀሳቀስ፣ አንቲፍሪዝ ይግባበት፣ ወይም ይውጣ፤ ከአራቱ አንዱን ሳይመርጡ በሩን አይቆልፉ። ቁልፉንም ለአንድ ጎረቤት ይስጡ።